ሁለተኛ ፎቅ ላይ የቆመው ቅርጫት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐጂ ሽኩር ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው፤ «አምፖል ሳትሞክሪ አትስጪ።» አብነት ሰፈር በነበረችው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቃቸው ባንኮኒ ላይ የአምፖል መያዣ ተተክሎ ነበር። ታስገቢያለሽ፣ ይበራል፣ ደንበኛው መርቆሽ ይሄዳል። ማታ ቤቱ ሲደርስ አምፖሉ ቢቃጠል የራሱ ዕድል ነው።

ሐጂ ሱቁን ሲለቁልኝ ዕቃው ተለወጠ። ሮቦት ለሚሠሩ ተማሪዎችና ጡረታ ወጥተው እጃቸው አላርፍ ላላቸው ሰዎች ትንንሽ ሞተርና ሞተር ድራይቨር መሸጥ ጀመርኩ። ድራይቨር ማለት ከባትሪው ኃይል ተቀብሎ፣ እንደታዘዘው ሞተሩን ወዲያና ወዲህ የሚያዞር ቦርድ ነው። አሻሻጤ ግን ያው የሐጂ ነበር። ባንኮኒ ላይ አገናኛለሁ፤ ዞረ፣ ውሰድ።

ጋሼ መኮንን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይሞክሩም፤ የጋሼም ጉልበት ብዙ አልቀረውም። ስለዚህ ከመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ከበረንዳ ቅርጫት የሚያወርድና የሚያወጣ ማንሻ እየሠሩ ነበር።

«ሰናይት ልጄ፣ ይሄ ካልሠራ ዘውዴ ሐዋሳ ልጃችን ጋ ካልገባን ብላለች። እኔ ደግሞ ከዚህ ሰፈር የምወጣው በቃሬዛ ነው» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ቦርድ በሬ ያነሳል!»

ባንኮኒ ላይ ሞከርነው። ዞረ። መረቁኝ።

በማግስቱ ደወሉ። «ነይና ጉድሽን እይ!» ስደርስ ቅርጫቱ ሽንኩርትና ዘይት እንደያዘ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ ቆሟል። የዚያ ቤት ሴትዮ ሳቋን መያዝ አቅቷታል። «ጋሼ፣ ለእኔ የላኩልኝ መስሎኝ እኮ ወጥ ልጥድበት ነበር!»

እትዬ ዘውዴ አልሳቁም። «መኮንን፣ ሻንጣዬን አሰናዳልኝ። እሱን ግን በደረጃ አውርደው፤ በዚህ ነገር እንዳትሞክር።»

ቦርዱን ነካሁት። ጣቴን ለበለበኝ። ለካ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል። እስኪበርድ ጠብቀን አስነሳነው፤ ቅርጫቱ እየተንቀጠቀጠ ትንሽ ወጣ። በዚያች አፍታ ቮልት የሚለካውን ቴስተሬን ደቀንኩ። ባትሪው ጋ አሥራ ሁለት ቮልት። ሞተሩ ጋ ስምንት!

«በስመ አብ!» አልኩ። ቴስተሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የጋሼን ተዋስኩ። ያው ስምንት። በሥራ ዘመኔ ስንት ደላላ አይቻለሁ፤ መሀል ቆሞ ሲሶውን የሚበላ ግን አይቼ አላውቅም። ቁራጭ በቁራጭ ስለካ ሦስቱን ቮልት ድራይቨሩ ራሱ ወደ ሙቀት ቀይሮታል፤ አንዱን ደግሞ ጋሼ በሳሎኑ ዙሪያ የጎተቱት የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ።

ከዚህ የባሰ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሞተር ባዶውን ሲዞር የሚስበው ኃይል ኢምንት ስለሆነ ድራይቨሩ አይግልም፣ ቮልቱም አይወርድም። ባንኮኒዬ ላይ የዞረው ሁሉ የዞረው ምንም ሳያነሳ ነው። እዚያው በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ፣ ቦርዱን ልቀይር።»

«በሬ የሚያነሳውን?»

«በሬውን ይተዉት።»

መሀል ላይ ብዙ የማይበላ፣ ሞስፌት የሚባሉ ትራንዚስተሮች ያሉት ድራይቨር አመጣሁ። ባትሪውንና ቦርዱን ሞተሩ ሥር አስጠጋን፤ ሽቦውን ወፍራምና አጭር አደረግነው። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ እንዳይወድቅ በቦርዱ መግቢያ ላይ ኃይል የሚያጠራቅም ትልቅ ካፓሲተር አሰርኩ። ጋሼም ድራይቨሩን የሚያዝዘውን ፕሮግራም ለወጡት፤ በአንዴ ከመሳብ ይልቅ ቀስ እያለ እንዲጨምር።

ቅርጫቱን መሬት ድረስ አውርደን ሽንኩርቱን እስከ አራተኛ ፎቅ አወጣነው። ቴስተሩ አሥራ አንድ ተኩል አለ።

«ሽንኩርትማ ልጅም ያነሳል» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ውሃ ጫኑበት።»

ከታች ጀሪካን አስሞልተን አስጫንን። ቅርጫቱ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ሴትዮዋ «ደህና ግባ!» ብላ ሸኘችው። አልቆመም። እኔ ቦርዱ ላይ ጣቴን አኑሬያለሁ፤ ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም።

እትዬ ዘውዴ ጀሪካኑን ዳሰሱት፣ ገመዱን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። «ሐዋሳ እኮ ሙቀቱም አይስማማኝም» አሉ።

ዛሬ ድራይቨር የሚገዛኝ ሰው የሚያነሳውን ነገር ይዞ ይመጣል፤ ካልመጣ አልሸጥለትም። ያለ ጭነት የተሞከረ ድራይቨር አልተሞከረም።