የመለሰ ይምታ

አገርነሽ በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ቁንዝላ ከተማ አራተኛ ክፍል ስትማር መምህሩ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። የመለሰ ተማሪ ይነሣና ያልመለሱትን በየተራ አፍንጫቸውን ይዞ በጥፊ ይመታል። አለስልሶ የመታ እሱ ራሱ በአለንጋ ይገረፋል። ታናሽ ወንድሟ ገድሉ ፈጣን ተማሪ ስለ ነበር በክፍል ደርሶባት ከጎኗ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን የማባዛት ጥያቄ መለሰና ተነሣ። መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ መታት። መምህሩ አለንጋውን ሲያነሡ ደገማት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በግራዋ በኩል ያለው ድምፅ ሁሉ ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ ሆነ፤ ውሎ አድሮም ጨርሶ ጠፋ። ትምህርቱን ተወችው። ወንድሟ እንዳይገረፍ ብላ ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም።

አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለተች ትሸጣለች። የምትኖረው ገድሉ ቤት ነው። ገድሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኗል። ሚስቱ ሥርጉት ነርስ ናት፤ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ቁስለኛ ስለሚበዛ ሆስፒታል ውላ ታድራለች። ኪሩቤል የሚባል የዐሥር ዓመት ወንድ ልጅና ሔራን የምትባል የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው።

የልጆቹ ትምህርት ቤት በተኩሱ ምክንያት ከተዘጋ አምስት ወር ሆኖታል። ሲከፈት ተማሪው ሁሉ ተፈትኖ በየችሎታው እንደሚመደብ ተነገረ። ገድሉ ኪሩቤል ወድቆ ከታናሽ እኅቱ ጋር አንድ ክፍል ይገባል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሁለቱን ፊቱ ያቆማቸው ጀመር።

«ስድስት ጊዜ ዘጠኝ!»

ኪሩቤል ጣራ ጣራውን ያያል።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሔራን!»

«ሃምሳ አራት።»

«አፍንጫውን ይዘሽ ምቺው።»

የመጀመሪያ ቀን ሔራን ጨዋታ መስሏት እየሳቀች መታችው። በሦስተኛው ቀን መሳቋን ተወች። በአምስተኛው ቀን የኪሩቤል አፍንጫ ደማ።

«የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ ትምታህ? አታፍርም?» ይላል ገድሉ።

አገርነሽ ከማድ ቤት ሆና እያንዳንዱን ጥፊ በቀኝ ጆሮዋ ትሰማለች። የኪሩቤል ግራ ጉንጭ አብጦ እስከ ጆሮው ሲደርስ ስታይ ግን ቢላዋዋን አስቀምጣ ብቅ አለች።

«ገድሉ፣ ተው እንጂ። ጆሮው አጠገብ ነው።»

«እታለም፣ አንቺ በማታውቂው አትግቢ። እኔ በዚህ ነው ሰው የሆንሁት።»

በማግሥቱ እሱ ቢሮ ሲገባ ልጆቹን ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። የመጣላትን ቆረሶ ዓሣ ከጆንያው ላይ ዘረገፈችው።

«ኪሩቤል፣ ደርድርልኝ። ሰባት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት።»

«እኔስ?» አለች ሔራን።

«አንቺ ደግሞ ዓሣ የሚበሉ ሦስት ትልልቅ አምባዞች መጥተው አንዱን ረድፍ እኩል ይካፈሉ በይ። ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?»

ሔራን በጣቷ ቆጠረች። «ሁለት ሁለት ይደርሳቸውና… ሁለት ይተርፋል። አይሆንም፣ አክስቴ!»

ኪሩቤል ቢላዋውን አነሣ። የተረፉትን ሁለት ዓሦች ሦስት ሦስት ቦታ ቆረጣቸው፤ ለእያንዳንዱ አምባዛ ሁለት ሁለት ቁራጭ አስቀመጠ። ሔራን ቁራጮቹን አየች፤ ወንድሟን አየች።

«አንተ! ይኼን ማን አሳየህ?»

«እጄ» አላት።

ወደ ድርድሩ ተመለሰ። ረድፎቹን በጣቱ እየነካ «አምስቱ ረድፍ አርባ ነው። ሁለቱ ዐሥራ ስድስት ነው» አለና ረዥም ጊዜ ቆየ። «ሃምሳ ስድስት።»

«እኔ እኮ ገና ሳይደረደር አውቄዋለሁ!»

«አንቺ በታንኳ ሄድሽ፣ እሱ በእግሩ ዞሮ መጣ። ሁለታችሁም ደረሳችሁ» አለች አገርነሽ።

እንዲህ ሳምንት ሙሉ ተማሩ። ኪሩቤል ዓሣ እያሰበ መቁጠር ቻለ፤ ገድሉ ግን ከሦስት በላይ አይጠብቅም። መልሱ ሳይደርስ ጥፊው ይደርሳል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳር ተኩስ ተከፈተ። ገድሉ ከቢሮ ሮጦ መጣ፤ መስኮቱን ዘግቶ ልጆቹን ከግድግዳው ሥር አስቀመጣቸው። ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ጣራው ተንቀጠቀጠ።

«በከንቱ አንቀመጥም። ሰባት ጊዜ ስምንት!»

«አምስቱ ረድፍ…» አለ ኪሩቤል፣ «አርባ…»

«የምን ረድፍ ነው የምታወራው? ሦስት! ሔራን!»

ሔራን የወንድሟን ያበጠ ጉንጭ አየች።

«አርባ ዘጠኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አላውቀውም፣ አባዬ።»

«ታውቂዋለሽ! ውሸታም!» ቀበቶውን ከወገቡ መዘዘ። መጀመሪያ እግሯን መታት። ኪሩቤል ዘሎ ላይዋ ተኛ። ቀበቶው ጀርባው ላይ ወረደ፤ ተነሣ፣ ወረደ። ውጭ ያለው ተኩስና ቤት ውስጥ ያለው ግርፋት ተቀላቀለ።

አገርነሽ ገብታ መካከል ቆመች። የቀበቶው ብረት ግንባሯን ፈነከታት። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ አልጠረገችውም።

«ዞር በይ፣ እታለም!»

«አንድ ጥያቄ አለኝ። እስከ ሦስት ነው የምቆጥር። የማይሰማው ጆሮዬ የትኛው ነው?»

«የምን ጆሮ?»

«አንድ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት?»

«ሁለት።»

ገድሉ ፊቷን በግራም በቀኝም አየ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲጠራት ዝም የምትለው ኩራት ይመስለው ነበር።

«ሦስት።»

«ግራው!» አለ ኪሩቤል ከወለሉ ላይ። «በግራ ስጠራሽ አትሰሚኝም። ለዚያ ነው ሁልጊዜ በቀኝሽ የምቀመጥ።»

ከእኅቱ ቀድሞ ሲመልስ የመጀመሪያው ነው።

አገርነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ኪሩቤል መልሷል። የመለሰ ይምታ። ደንብህ አይደል? አጎንብስ።»

ገድሉ አላጎነበሰም፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ እንጂ። ኪሩቤል ተነሣ። እንደ ተማረው አድርጎ የአባቱን አፍንጫ በሁለት ጣቱ ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ በጥፊ መታው።

ከዚያ የመታበትን እጁን ብብቱ ሥር ሸሽጎ ማልቀስ ጀመረ። ያ አለቃቀስ ገድሉ የሚያውቀው ነው። ቁንዝላ፣ ከክፍሉ ጀርባ፣ እሱ ራሱ እጁን እንዲያ ሸሽጎ አልቅሶ ነበር።

«እኔ ነኝ?» አላት እኅቱን።

«በሁለተኛው ጥፊ ነው የጠፋው። የመጀመሪያውን ሰምቼዋለሁ።»

ገድሉ አጠገቡ አስቀምጧት ነጭ ሸሚዙን አውልቆ ግንባሯ ላይ ያዘላት። ተኩሱ አላባራም። ሔራን እየዳኸች ሄዳ የወንድሟን እጅ ከብብቱ አወጣችውና ያዘችው።

ብዙ ቆይቶ ገድሉ ወደ አገርነሽ ቀኝ ዞሮ ተቀመጠ።

«ኪሩቤል» አለ። «ሰባት ጊዜ ስምንት።»

አልቆጠረም። ልጁ በነፃ እጁ ወለሉ ላይ ረድፍ ይደረድር ጀመር። ጣራው አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ከመጀመሪያው ረድፍ እንደገና ጀመረ። ሔራን መልሱን አፏ ውስጥ ይዛ ከንፈሯን ነከሰች። አባቷ ጉንጩ ላይ አምስት ጣት ታትሞ፣ ቀበቶውን በእግሩ ወደ አልጋው ሥር ገፍቶ፣ ይጠብቅ ነበር።