ሰባቱ የጀሶ ልጥፎች

ስለ ጋሽ ኖራ ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል፤ ሬዲዮ ሲከፍቱ እሰማለሁ፣ ሲያስሉ እሰማለሁ። ደጅ ላይ ስንገናኝ ግን ከሰላምታው በኋላ የምለው ይጠፋኝና ቁልፌን እየፈለግሁ እገባለሁ። ስለዚህ አውቃቸዋለሁ ብዬ አልጀምርም። የማውቀው ሚስታቸው ያጫወቱኝን፣ በሥራ ዘመናቸው ስታዲየም ይመላለሱ ከነበሩ ሰዎች የለቃቀምኩትን፣ እሳቸውም አንድ ከሰዓት በኋላ የነገሩኝንና ያሳዩኝን ብቻ ነው።

እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ኖራ የሚለውን የሰጣቸው ሥራቸው ነው። በስታዲየሙ ሣሩን ያጭዳሉ፣ ያጠጣሉ፣ በጨዋታ ዋዜማ ደግሞ ገመድ ወጥረው የሜዳውን መስመር በኖራ ያሰምራሉ። ጫማቸው ነጭ፣ የሱሪያቸው ጫፍ ነጭ፣ ነፋስ ያለ ቀን ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ነበር። «ሰው ባል ያገባል፣ እኔ ግድግዳ አገባሁ» ይሉ ነበር ሚስታቸው። ያኔ የሚኖሩት ከስታዲየሙ ጀርባ ባለች የሁለት ክፍል ቤት ነው። ቤቷ የስታዲየሙ ናት፤ ከሥራው ጋር ትሰጣለች፣ ከሥራው ጋር ትወሰዳለች። ይህን ሁለቱም አንድም ቀን ረስተውት አያውቁም።

ነገሩ የሚጀምረው አንድ ወቅት እንኳ ሳይሞላው በቀረው ሊግ ነው። ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያስታውሱትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያነሱት። የአገሩ ቡድኖች በሚያርፉባቸው ወራት ስታዲየሙ ባዶውን ከሚቀመጥ ብለው ጥቂት ነጋዴዎች ኩባንያ አቋቋሙ። የራሳቸው ውድድር የተዘጋባቸው ስድስት የውጭ ክለቦች ለአሥራ ሁለት ሳምንት እንዲመጡ ተዋዋሉ። ለማያውቀው ክለብ ማን ይጮሃል የሚል ሐሳብ መጣ። መላ ተገኘ፤ ለየክለቡ የአንድ ሰፈር ስም ተሰጠው። ከብርድ አገር የመጡት «ታችኛው ገበያ» ተባሉ፤ ከደሴት የመጡት «ወፍጮ ቤት»፤ ሌሎቹም እንዲሁ። የሰፈሩ ስም በጨርቅ ተቆርጦ ማልያቸው ላይ፣ በራሳቸው ዓርማ ላይ ተሰፋ።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ከተጫዋቾቹ አንዱ እንኳ ታችኛው ገበያ በየት በኩል እንደሚኬድ አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሳቁ ቀረ። አንድ ፀጉር አስተካካይ የወፍጮ ቤት ሰው አልላጭም ብሎ በሩ ላይ ጻፈ። ለዓመታት አብረው ሲበሉ የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ ስሙን እንኳ መጥራት በማይችሉት አጥቂ የተነሳ ተኳርፈው ከረሙ። ከጨዋታ በኋላ ድንጋይ መወራወር ተጀመረ።

የጋሽ ኖራ ሚስት ኳስ አይወዱም ነበር። ሃያ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲያባርር ማየት ምን ያደርጋል ባይ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ግን ታችኛው ገበያ ነው። ለሠራተኛ ቤተሰብ በሚሰጠው የይለፍ ካርድ በመጀመሪያው እሑድ ገብተው የሰፈራቸውን ስም በነዚያ ረጃጅም ሰዎች ደረት ላይ ሲያዩ አለቀላቸው። በረኛውን፣ በሩን ሞልቶ ስለሚቆም፣ «ቁም ሳጥን» የሚል ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው ይባላል። «ዛሬ ቁም ሳጥኔ ይጫወታል» ብለው ከጠዋት ጀምሮ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ይውላሉ። ካርዷ ቢጫ ናት፤ አሥራ ሁለት ቁጥሮች አሉባት፤ በር ላይ ያለው ሰው በየሳምንቱ አንዱን ቁጥር ይበሳል። የምታስገባውም በምሥራቁ መቀመጫ በኩል ብቻ ነው።

የጋሽ ኖራ የዕቃ ክፍል ያለው ከዚሁ ከምሥራቁ መቀመጫ ሥር ነው። ማጨጃ መኪናው፣ የውሃ ጎማው፣ የኖራው ጆንያ እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ በጨዋታ ሰዓትም እሳቸው እዚያው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ጣሪያው ላይ መቀመጫውን የተሸከመው የሲሚንቶ ቢም ያልፋል። ጎል ሲገባ ሜዳውን ሳያዩ ያውቃሉ፤ ከላይ እግር ይወርዳል፣ ትከሻቸው ላይ አቧራ ይፈሳል። ድሮ ስምንት እርከን ብቻ ነበር። ኩባንያው ለሊጉ ብሎ በአንድ ወር ውስጥ ከላዩ ስድስት እርከን ቀጠለበት።

በመጀመሪያው ሳምንት ቢሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አዩ። ጋሽ ኖራ በወጣትነታቸው ለአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጭቃ አቀባይ ነበሩ፤ ስንጥቅ ሲያዩ ምን እንደሚደረግ የተማሩት ከሰውየው ነው። ጀሶ በውሃ ይበጠበጥና የእጅ መዳፍ የምታህል ልጥፍ ስንጥቁን አቋርጣ ትለጠፋለች። ግንቡ ዝም ካለ ልጥፏ ደህና ናት። ግንቡ ከተንቀሳቀሰ ልጥፏ ትሰነጠቃለች። ግንቡን አትመን፣ ጀሶውን እመን ይሉ ነበር ሰውየው። እናም ጋሽ ኖራ በየቅዳሜው መስመሩን አስምረው ሲጨርሱ አንድ ልጥፍ ይለጥፋሉ፤ በሚስማር የሳምንቱን ቁጥር ይጽፉባታል፤ ሰኞ በቢላዋ ፈልቅቀው ያዩዋታል።

አንደኛዋና ሁለተኛዋ ደህና ወጡ። ሦስተኛዋ ላይ መስመር ታየ። አምስተኛዋ ለሁለት ተከፍላ ወጣች። በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይዘዋት ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ አይቶ ምን እንደሆኑ ጠየቀ።

«ጀሶ ነው ጌታዬ። ከምሥራቁ ቢም ላይ ነው የነቀልኩት። ቢሙ እየተከፈተ ነው።»

«አንተ መሐንዲስ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ሰው ሲጠይቅህ፣ ስለ ሣር ጠይቁኝ፣ ስለ ሲሚንቶ አላውቅም በል።»

በክፉ አልተናገረም፤ እየሳቀ ነው አሉኝ። ቁራጮቹንም ራሱ መልሶ በመሐረቡ ጠቀለለላቸው። በስድስተኛው ሳምንት ማግሥት ግን የውጭዎቹ ክለቦች ተወካይ ስታዲየሙን ዞሮ ሊያይ ነው ተባለ፤ ያ ስንጥቅ ተለስኖ ሰማያዊ ቀለም እንዲቀባ ታዘዘ። የለሰኑት ጋሽ ኖራ ናቸው። የቀቡትም እሳቸው ናቸው። ተወካዩ ገብቶ ጣሪያውን አየ፤ ማጨጃ መኪናውን አድንቆ ወጣ።

ሰባተኛዋን ልጥፍ በቀለሙ ላይ ለጠፏት። ሰኞ በሩን ሲከፍቱ ግማሿ ወለሉ ላይ ወድቃ ጠበቀቻቸው። ያን ዕለት እንደገና ቢሮ ገቡ። አሁን ሳቅ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ፣ ይህን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ካነሱ የቤቱን ቁልፍ ይዘው እንዲመጡ ነገራቸው። ጋሽ ኖራ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሚስታቸው መስኮቱ ሥር ጎመን እያጠጡ ስለ ቁም ሳጥን ጉልበት ሕመም ያወሩ ነበር፤ ለእሑድ ይድን ይሆን?

ዳነ። በስምንተኛው ሳምንት ሚስታቸው ሄደው ሲጮኹ ዋሉ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ተመለሱ። ጋሽ ኖራ ከሥር፣ በርጩማቸው ላይ፣ ጣሪያውን እያዩ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ብዙ ግርግር መሐል የሚስታቸውን እግር ለይተው የሚሰሙ ይመስላቸው ነበር አሉኝ።

ዘጠነኛው ሳምንት ታችኛው ገበያ ከወፍጮ ቤት ነው። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አላወራም። የመቀመጫ ትኬት ስላለቀ ኩባንያው የመቆሚያም ሸጠ። ቅዳሜ ማምሻውን ጋሽ ኖራ ቤት ገብተው፣ ሥራ አስኪያጁ የቤተሰብ ይለፍ ሁሉ ይመለስ ብሎ ካርዷን እንደወሰደባቸው ለሚስታቸው ነገሯቸው። ሴትየዋ አበዱ። ራሳቸው ቢሮ ሄደው ሊጣሉ ተነሱ፤ ባልየው በር ላይ ቆመው ለመኗቸው፤ ቤቱ ይቀርብናል አሏቸው። ሚስታቸው በማግሥቱ ለባላቸው ምሳ አላቀረቡም። ሬዲዮውን ከፍተው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ።

ጋሽ ኖራ በዚያ እሑድ ዕቃ ክፍላቸው አልተቀመጡም። በምዕራቡ በኩል፣ በማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ ቆመው እንደነበር ያዩዋቸው ሰዎች ነግረውኛል። ከዕረፍት በፊት ታችኛው ገበያ አገባ። የምሥራቁ መቀመጫ በአንድ ላይ ብድግ አለ፣ በአንድ ላይም ዘለለ። ያዩት ሰዎች መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም ይላሉ፤ መካከሉ ዝም ብሎ ጎደለ። ከዚያ በኋላ አቧራው ተነሳ። ተጫዋቾቹ የሚሆነውን ሳያውቁ ትንሽ ሲሮጡ ቆዩ። ቁም ሳጥን በሩን ትቶ ወደ አቧራው ሲሮጥ ነው ዳኛው ፊሽካውን የነፋው።

አሥራ አራት ሰው ሞተ። ፀጉር አስተካካዩ አንዱ ነው። ሊጉ በዚያው አበቃ፤ ክለቦቹ በሦስተኛው ቀን ወደየአገራቸው ተሳፈሩ። የሰፈር ስም የተሰፋባቸውን ማልያዎች በጆንያ ጠቅጥቀው በአየር ማረፊያው መጠበቂያ ክፍል ጥለዋቸው ሄዱ። አጣሪዎች መጡ። ጋሽ ኖራን ጠርተው ሥራቸው ከዚያ መቀመጫ ሥር ስለነበር ያዩት ነገር እንዳለ ጠየቋቸው። ጋሽ ኖራም «ስለ ሣር ጠይቁኝ፣ ስለ ሲሚንቶ አላውቅም» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ጋሽ ኖራ ቤታቸው ውስጥ ቆዩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያንኑ ሣር አጨዱ።

ሚስታቸውን እኔ ያወቅኋቸው በኋላ ነው፣ ጡረታ ወጥተው የኔን ግድግዳ ከተጋሩ ወዲህ። ይህን ታሪክ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር፤ አወራራቸውም አይለወጥም። «ያ ንፉግ ካርዴን ባይቀማኝ ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም። ንፍገቱ ያኑረው» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ እስር ቤት ድረስ ሄደው ሊያመሰግኑት ፈልገው እንደነበርም ነግረውኛል። ሄዱ። ሰውየው ምን እንዳላቸው ስጠይቃቸው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «በጣም ከስቶ ነበር» አሉኝ። ታሪኩን ግን ከዚያ በኋላም እንደዚያው ሲያወሩት ሰምቻለሁ፣ ባላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተው እያዳመጡ።

ሚስታቸው ባለፈው ዓመት አረፉ። ባረፉ በሰባተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ስሄድ ጋሽ ኖራ እንድገባ ጠሩኝ። እስከዚያ ቀን ከደጅ አልፌ አላውቅም ነበር። እዚህ የጻፍኩትን ከቢሙ ጀምሮ እስከ ቁልፉ ድረስ የነገሩኝ ያኔ ነው፤ እንደ ሌላ ሰው ነገር፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። በመሐረብ የተጠቀለሉትን አንድ በአንድ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥሮቹ በሚስማር ተጭረዋል፤ የተከፈሉትን ግማሽ ከግማሽ እያገጠሙ አስቀመጧቸው።

ቆርቆሮው ሥር አንዲት ቢጫ ካርድ ቀርታ ነበር። አነሳኋት። ስምንት ቁጥሮች ተበስተዋል፤ ዘጠኝ ቁጥር ደህና ነው።

«ሥራ አስኪያጁ አልወሰዳትም» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ።

ካርዷን በቦታዋ መለስኩ። እንደ ልማዴ ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ። ዓይኔ ግን ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ፤ ልጥፎቹን ሁለቴ ቆጠርኳቸው።

«ጋሼ፣ ስምንተኛዋ የት አለች?» አልኳቸው። «ከመፍረሱ በፊት በነበረው ሰኞ ሲያዩዋት ምን ሆና ነበር?»

ከቁጥር አንድ ጀምረው ልጥፎቹን ወደ መሐረባቸው መመለስ ያዙ። ሰባተኛዋን ጠቅልለው፣ ቋጠሮውን አጥብቀው፣ ክዳኑን ገጥመው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይሄን አልመልስልህም» አሉኝ።