ሚዛን የመረጠው ፕሮሰሰር

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ኮሪደር ላይ የሚቀርበት ሱቅ አለ። ባለሱቁን ሚዛን ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከንግድ ፈቃዱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሚዛን ያሰኘው ዕቃ አመራረጡ ነው፤ ወደ ውዱም ወደ ርካሹም አያዳላም።

ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ሊያስገጥም የሚመጣ ደንበኛ መቼም ወይ ኪሱ መሬት ሆኖ ዓይኑ ሰማይ የወጣ ነው፣ ወይ ከርካሽ ሁሉ ርካሹን ይዞ ተአምር የሚጠብቅ። ሚዛን ሁለቱንም በርጩማው ላይ ያስቀምጥና መጀመሪያ ምን እንደሚጫወቱ ይጠይቃል። ከዚያ መካከለኛ ዋጋ ካላቸው ፕሮሰሰሮች አንዱን ያወርዳል።

"ፕሮሰሰር ማለት የቤት አባወራ ነው" ይላል። "ሥራ ያከፋፍላል እንጂ ሁሉን ራሱ አይሠራም። ውዱን ገዝተህ ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድህ ደካማ ከሆነ አባወራው ቢጮህ የሚታዘዘው አያገኝም። ርካሹን ከገዛህ ደግሞ ልጆቹ ተሰልፈው ትእዛዝ ሲጠብቁ ቀኑ ይመሻል። መካከለኛውን ያዝ፣ የተረፈህን ካርዱ ላይ አውለው።"

እጁም ቢሆን የተመሰከረለት ነበር። ጎረቤት ባለሱቆች ሳይቀሩ ፕሮሰሰሩን ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ ላይ ማስቀመጥ ሲፈሩ ይዘው ወደ እሱ ይመጡ ነበር። የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ፕሮሰሰሮች፣ በዚያ ሕንፃ ሰዎች አጠራር፣ ባለ እግሩና ልሙጡ ናቸው። ባለ እግሩ ከሆዱ ሥር እንደ ብሩሽ የተተከሉ ቀጫጭን እግሮች አሉት። ቀዳዳውን ካገኘ በገዛ ክብደቱ ይገባል፤ አንድ እግር ቢጎብጥ እንኳ በመርፌ ይቀናል። የልሙጡ እግሮች ግን ያሉት ቦርዱ ላይ ነው፤ ከሽፋሽፍት የቀጠኑ ናቸው፣ ብዛታቸው ዓይን ያታክታል። ልሙጡ እነሱ ላይ የሚቀመጠው የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚቀመጥ ነው። አንድ ጥጉ ቀድሞ ከወደቀ እግሮቹ ይደፈጠጣሉ፣ ቦርዱም አበቃለት። አዳዲሶቹና ፈጣኖቹ ደግሞ ልሙጦቹ ናቸው።

የእጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ሻይ ብርጭቆ ላይ ነው። ብርድ ነው አለ። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ድካም ነው አለ። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲነሳ ሰበብ አያጣም። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ሻዩን ግማሽ ብርጭቆ ትቀዳለት ጀመር።

"ምነው፣ ሻይ ተወደደ እንዴ?" አላት።

"ትኩስ ትኩሱን እየጨመርኩልህ እንድትጠጣ ብዬ ነዋ" አለችው። አመናት።

ከዚያ አንድ ቀን የደንበኛ ልሙጥ ፕሮሰሰር ከጣቱ አመለጠና በጥጉ ቦርዱ ላይ ወደቀ። ድምፁ አንዲት ፍሬ ምስር ሳህን ላይ ከመውደቅ አይበልጥም። የቦርዱ እግሮች ግን ተደፍጥጠው ነበር። ለደንበኛው "ቦርዱ ከፋብሪካ ሲመጣ ጀምሮ ችግር ነበረበት" ብሎ በሌላ ተካለት። ሰውዬው ጭራሽ "እንዳንተ ያለ ሐቀኛ የት ይገኛል" ብሎ መርቆት ሄደ። ያ ምርቃት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳው እሱ ብቻ ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ ለመጣው ሁሉ "ባለ እግሩን ውሰድ" ሆነ። ባለ እግሩ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ለብዙው ሰው ይበቃል። ቢሆንም ሚዛኑ አጋድሏል። የሚመርጠው እጁ ነው፣ አፉ የሚናገረው እጁ የመረጠለትን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል። ግን ይህን ቢናገር ማን ዕቃውን ያምነዋል? ቤቱ የሚተዳደረው በዚሁ እጅ ነው። እናም የሆዱን በሆዱ ይዞ ከረመ።

አንድ ጠዋት የሚስቱ ታላቅ ወንድም የኮምፒውተሩን ሣጥን እንደ ጆንያ ታቅፎ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ በሩን ሙሉ የሚሞላ ሰው ነው። ቀኝ ዓይኑ አያይም። ከደረሰበት አደጋ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም ነበር፤ በኋላ ሴት ልጁ የመንዳት ጌም ጫነችለት፣ መሪና ፔዳልም ገዛችለት። ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አውቶቡስ ይነዳል። ፌርማታው ሁሉ ላይ ይቆማል፣ በሩን ከፍቶ ተሳፋሪው እስኪገባ ይጠብቃል። ልጁ "አባባ፣ እነዚህ እኮ እውነተኛ ሰዎች አይደሉም" ብትለው "ለእኔ ናቸው" አላት።

"ባዶ መንገድ ላይ ደህና ነው" አለ ሾፌሩ፣ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ሱቁ ጠበበ። "መስቀለኛ መንገዱ ላይ መኪናና እግረኛ ሲበዛ ግን ጌሙ ቀጥ ይላል። መልሶ ሲንቀሳቀስ ሰውዬው ከፊቴ ደርሷል። ፍሬን ሳልረግጥ እገጨዋለሁ።" ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ያን ቀን ምግብ አይወርድልኝም። ሳቅብኝ እንጂ።"

ሚዛን አልሳቀም። ነገሩ ገና ከሾፌሩ አፍ ሳይወጣ ገብቶታል። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ያንን ሁሉ መኪናና እግረኛ በየመንገዱ የሚያሰማራው ፕሮሰሰሩ ነው። ባለ እግሩ ትንሽ ያሻሽለዋል፣ ትልቁ መስቀለኛ ላይ ግን ያው ነው፣ ሾፌሩ ሰው መግጨቱ አይቀርም። የሚያስፈልገው ልሙጡ ነው፤ ዋጋውም ቢሆን ከባለ እግሩ ብዙ አይርቅም። ይህን ሁሉ እያወቀ አፉ የለመደውን ተናገረ።

"ባለ እግሩን ውሰድ፣ ጋሼ።"

"ከታች ያለው ሱቅ ልሙጡን ነበር ያለኝ። አንተ ካልክ ግን አለቀ፤ ከአንተ በላይ ማንን ልስማ?"

ይህ እምነት ከስድብ በላይ ወጋው። ፊቱን አዙሮ ካርቶኑን አወረደ፣ ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣቱ አነሳ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ደገፈ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ጭራሽ ባሰበት። ሾፌሩ በደህናው ዓይኑ ጣቶቹን ያያል።

"አስቀምጠው" አለው በቀስታ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ብርድ ነው፣ ጋሼ።"

"ተው እንጂ። ብርድ ለእኔ ነው የምትለው?" ሾፌሩ ወደ ኮሪደሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ይቺ ዓይኔ እየጠፋች መሆኗን ከሁሉ በፊት አውቄአለሁ። መንጃ ፈቃድ ሳሳድስ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት በቃሌ አጥንቼ ገባሁ። ፈታኙ 'የወጣት ዓይን ነው ያለህ' አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ አስበው። ማንን እንዳታለልኩ የገባኝ በኋላ ነው። አደጋው የደረሰ ቀን በስተቀኝ ጭነት መኪና ቆሟል፤ እኔ ባዶ መንገድ ነው የማየው። ረዳቴ በሩ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ያነክሳል። የሆነ ቦታ ስንገናኝ ተነስቶ ወንበሩን ይለቅልኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።"

ሚዛን ባለ እግሩን ወደ ካርቶኑ ለመመለስ ሞከረ፣ አልገባለትም። ጠረጴዛው ላይ ተወው።

"ላንተ የሚሆንህ ልሙጡ ነው" አለ። "ታች ያለው ሰውዬ እውነቱን ነው የነገረህ። እኔ ነኝ የዋሸሁህ። ልሙጡን ማስቀመጥ አልችልም፣ ጋሼ። አንዱን ሰብሬ በፋብሪካ አሳብቤአለሁ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ እጄ ወደቻለው ስመራው ነው የከረምኩት።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። አፈረ፤ ልቡ ቀለል ማለቱም አልቀረም።

ሾፌሩ አልገሰጸውም፣ አላባበለውም። "ልሙጡ አለህ?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።

"አለ፤ ከነቦርዱ። እኔ ግን አልነካውም። አንተ ታስቀምጠዋለህ።"

"እኔ? በአንድ ዓይኔ ርቀቱን እንኳ መለየት የማልችለውን ሰውዬ?"

"ዓይኑን ለእኔ ተወው። እጁን አንተ ሁነኝ።"

"እንግዲህ ተጋግዘን አንድ ሙሉ ሰው ከወጣን ምን ቸገረን" አለ ሾፌሩ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

ሚዛን መብራቱን አቀረበለት። የፕሮሰሰሩን ማስቀመጫ ክዳን የሚይዘውን ማንሻ አስነሳው፣ ክዳኑን አስከፈተው። ፕሮሰሰሩን በጠርዙ አስያዘውና ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ቦርዱ ላይ ካለው ምልክት ጋር እንዲያገጣጥም ነገረው።

"ወደ ግራ። ትንሽ። በቃ፣ አልፈሃል፣ ተመለስ። አሁን ዝቅ። ገና ነው፣ ገና ነው። ቀኙ ቀድሟል፣ አቃናው። ዝቅ። አሁን ልቀቀው።"

ያ መሪ ሲያዞር የኖረ ወፍራም እጅ ውልፍት አላለም። ፕሮሰሰሩ ድምፅ ሳያሰማ ተቀመጠ። ክዳኑን ሲዘጋ ማንሻው ጠጠር ብሎ ሲጢጥ አለ፤ ሾፌሩ ደንግጦ ቀና ሲል ሚዛን "ልክ ነው፣ እንዲህ ነው ጠባዩ" አለው። ሌላውን ዕቃ በየቦታው መልሰው ሲያበሩት ስክሪኑ ላይ የፕሮሰሰሩ ስም ወጣ። ጌሙን ከፈቱ። ሾፌሩ አውቶቡሱን በቁልፍ ሰሌዳ እየነዳ ትልቁ መስቀለኛ ላይ አደረሰው። መኪናው ተግተልትሎ አለፈ፣ አንዲት ሴትዮ መንገድ ልትሻገር ገባች። ፍሬን ያዘ። ሴትዮዋ ተሻግራ ሄደች። ሾፌሩ እጁን ከቁልፍ ሰሌዳው አንስቶ "አለፈች" አለ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። "ለዚያ ቦርዱን ለሰበርክበት ሰውዬ ደውልለት። ባለ እግሩን ላስያዝካቸውም እንደዚሁ፤ መቀየር ለፈለገ ትቀይርለታለህ። ነገ ጠዋት መጥቼ እዚሁ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ እጅ እሆንሃለሁ፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ የኮምፒውተር ተሳፋሪ ነው፣ ብዘገይበትም አይቆጣኝም። ማታ ደግሞ ለእህቴ ንገራት። ለእኔ ነግረህ ከእሷ ብትደብቅ ለእኔም አልነገርከኝም።"

ሚዛን ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሚስቱ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣችና እንደ ልማዷ ግማሽ ብርጭቆ ቀዳችለት።

"እጄን..." ብሎ ጀመረ።

"አውቃለሁ" አለችው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ብርጭቆህን መሙላት ካቆምኩ ጀምሮ። እንዳይፈስብህ ነበር። እስክትነግረኝ ልጠብቅህ ብዬ ነው።"

ሚዛን ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አለቀሰ። እንዲሸሽጋቸው አልፈቀደችለትም፤ ያዘቻቸው። እንባው ሲያባራ ብርጭቆውን አንስታ እስከ አፉ ሞላችለት። ሲያነሳው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጠረገችውና አጠገቡ ተቀመጠች።