ቆመው ያዩት ሰባተኛ ጨዋታ

«ገብረክርስቶስን በሁለት እግሩ አቁሜ ካላሳየሁት እኔ ዓለምሸት አይደለሁም!» ስትለኝ «እሰይ!» አልኳት። ምን ላድርግ? ጓደኛዬ ናት። በዚያ ላይ ሰውየውን አልወደውም።

ዓለምሸትን ለማያውቅ ልንገረው። ስካርቦሮ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። ባሏ ስፖንሰር አድርጎ አመጣትና ልጃቸው ሀሴት ጥርስ እንኳ ሳታበቅል እሱ ሞተባት። ሰው ሁሉ «ወደ አገርሽ ተመለሺ» ሲላት «ማን ጠየቃችሁ?» ብላ መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ሀሴት ትምህርት ቤት ገብታ ሆኪ ካልተጫወትኩ ብላ ስታለቅስ፣ እኛ «ምነው ዳንስ ብትማር?» አልን። ዓለምሸት ግን የሌላ ሰው ልጅ አድጎ የጠበበውን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማና የጉልበት መከላከያ ለማምና አለበሰቻት፤ ኢስት ዮርክ ካለው የበረዶ ሜዳ ዳርም ጃኬት በጃኬት ላይ ደርባ ትቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ፓክ የምትባለዋ ጥቁር ጎማ የት እንደገባች እንኳ አይታያትም ነበር። በኋላ ግን ሆኪ ልክፍት ሆነባት። ዳኛ ስትሰድብ ብትሰሟት! በአማርኛ ስለሆነ ነው ያላስወጧት።

ሀሴት አጥቂ፣ ፎርዋርድ የሚሉት ናት፤ ጎል ግን አታስቆጥርም። ሥራዋ የሌላውን ቡድን ጎበዝ አጥቂ እግር በእግር ተከትሎ መድረሻ ማሳጣት ነው። ዲፌንሲቭ ፎርዋርድ ይሉታል። አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ የዋንጫ ጨዋታ ላይ ወደ ጎል የተመታ ፓክ በእግሯ ጋረደች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ቡድኗ ዋንጫውን ወሰደ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ታነክሳለች።

በዚያው ሰሞን እኔና ዓለምሸት ዳንፎርዝ ላይ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ቅዳሜ ከሰዓት የኛ ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ሆኪ እያዩ ይከራከራሉ። አፈ ጉባኤው ጋራዥ ያለው ጋሽ ገብረክርስቶስ ነው። እናትየዋ መግባቷን እያየ፣ «ጎል የማያስቆጥር ፎርዋርድ ጥርስ የሌለው ውሻ ማለት ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ሲስቁለት ጊዜ ባሰበት፤ «አሁን ይቺ ልጅ ለማይረባ ነገር እግሯን ሰጥታ አንካሳ ሆና ቀረች። ማን ይወስዳታል?» አለ።

ማን ይወስዳታል! በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ! ምላሱን ይቁረጠውና! ዓለምሸት ልትጎርስ የያዘችውን ሳህኑ ላይ መልሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የገብረክርስቶስ ስም በተነሳ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

እግዜር ግን አይተኛም። ዓመታት አልፈው ዘንድሮ የዚሁ የገብረክርስቶስ ልጅ፣ ቶሚ፣ ሀሴትን ካላገባሁ ብሎ መጣ። ልጅቷም ወዳዋለች። ዓለምሸት ነገሩን ስትሰማ ጮክ ብላ ሳቀች፤ እኔ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ።

ጊዜው ደግሞ የከተማችን የሆኪ ቡድን ጉድ የሠራበት ነው። ፕሌይኦፍ የሚባለውን ጥሎ ማለፍ በጭንቅ የገባ፣ የመጀመሪያውን ዙር እንኳ አያልፍም ያልነው ቡድን ትልልቆቹን አንድ በአንድ እየጣለ ሄደ። ያውም ያለ ኮከብ! ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እኛ «ዘበኛው» የምንለው አንድ ዲፌንሲቭ ፎርዋርድ ነው። ገብረክርስቶስ ግን «ዕድል ነው እንጂ ዘበኛ ዋንጫ አያመጣም» እያለ ሙጭጭ ብሏል። እንዲህ እንዲህ እያልን ከአንዱ ቡድን ጋር ሦስት ለሦስት ሆንና የመጨረሻው፣ ሰባተኛው ጨዋታ ደረሰ። ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል።

ዓለምሸት ቶሚን ጠርታ «ሽማግሌ ላኩ፤ አባትህም አብሮ ይምጣ። እሑድ ከሰዓት፣ ልክ ጨዋታው ሲጀመር» አለችው። በኛ ደንብ የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ቶሚ እዚህ ተወልዶ ምኑን ያውቃል? «ኦኬ» ብሎ ሄደ። አባትየው አሻፈረኝ ቢልም ልጁ አላስቀምጥ አላስተኛ አለው።

ሦስት ሆነው መጡ፤ ገብረክርስቶስ፣ የረጅም ጊዜ ጓደኛው ጋሽ ዙበይርና አንድ ቄስ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ዓለምሸት «ኖር፣ ተቀመጡ» አለች። ቄሱ እንደ ወጉ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እሷም የምትጠብቀው ይህችኑ ነበር። «ደግ ነው። እኔ ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ ጉዳይ አልሰማም» ብላ ሶፋዋ ላይ ተደላደለች። እኔም ከጎኗ ልጥፍ አልኩ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ቆይቶ ገባቸው። ትንሽ እንደቆዩ ዓለምሸት ለቄሱ ወንበር ሳበችላቸውና «አባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እርስዎ ላይ ቂም የለኝም» አለች። አባ ነገር አላበዙም፣ ተቀመጡ። ጋሽ ዙበይርን ብትለምነው «ከሱ ጋር መጥቼ!» ብሎ እምቢ አለ።

ሆኪ ያለበት ቤት ዝም አይባልም መቼስ፤ ቆመው ክርክር ጀመሩ።

«እየው ዘበኛውን! የነሱ ኮከብ እስካሁን አንዴ እንኳ ወደ ጎል መትቷል?» አለ ጋሽ ዙበይር።

«ጎል ስላልተቆጠረብን ብቻ አይታለፍም ወዳጄ! ፎርዋርድ ጎል ያስቆጥር እንጂ!» አለ ገብረክርስቶስ።

«እሱ ባይኖር እኮ ሦስት ይቆጠርብን ነበር።»

«በዘበኛ ቤት አይሠራም!»

ዓለምሸት ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «ጋሼ፣ ይቺን ወሬ ዱሮም ሰምቻታለሁ» አለች። ገብረክርስቶስ አልገባውም። ጉልበቱን ያመዋል፤ አንዴ ግራ እግሩን፣ አንዴ ቀኙን ያሳርፋል። ግድግዳ ሊደገፍ ሲል «ቀለሙ አዲስ ነው» አልኩት። ውሸቴን ነው። ሆዴ ቅቤ ጠጣ!

አንድ ለዜሮ እየመራን መጨረሻው ላይ ኮከባቸው ከቅርብ መታ። ዘበኛው በደረቱ ወድቆ ጋረደው። የማብቂያው ጡሩምባ ሲነፋ ገብረክርስቶስ ጉልበቱን ረስቶ ዘለለ፤ ጋሽ ዙበይርን አቅፎ «ዘበኛዬ! የኔ አንበሳ!» ብሎ ጮኸ። ከርሱ አፍ ይህን መስማት ዓለምሸትን አነደዳት። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና «አሁን ጉዳያችሁን ልስማ» አለች።

ቄሱ ተነስተው «ልጃችን ልጃችሁን ወዷት፣ ዝምድናችሁን ፈልገን…» ብለው ሳይጨርሱ፣

«የትኛዋን ልጄን? አንካሳዋን? ማን ይወስዳታል የተባለችውን?» አለች።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አለ ገብረክርስቶስ፣ ከልቡ ደንግጦ።

«እርስዎ ነዎት! ዳንፎርዝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ!»

«እኔ? እመብርሃንን! አላስታውስም።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰውየው እውነቱን ነበር፤ ከነአካቴው ረስቶታል። ይሄ ይባስ አቃጠላት። አፍሮ አንገቱን እንዲደፋ ነው እንጂ እንዲገረም አልጠበቀችም። ብድግ ብላ ውሻውንም፣ አንካሳዋንም፣ ማን ይወስዳታልንም አንድ ሳታስቀር፣ በሱው ድምፅ እየጮኸች ደገመችለት። ይገባዋል ብዬ አብሬያት ቆምኩ።

ለካ ሀሴት የመኝታ ቤቷን በር ከፍታ ቆማለች። ሙሽራ በሽማግሌ ፊት አትወጣም ብለን እኛው ነበርን ያስገባናት፤ በንዴት ረሳናት።

«ማሚ» አለች፣ «ሆስፒታል ሆኜ ‹ጋሽ ገብረክርስቶስ ጀግና ናት፣ እንደሷ ያለች ልጅ ይስጠኝ ብሎሻል› አልሽኝ እኮ።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ዓለምሸት ያን ቀን ከምግብ ቤቱ ወጥታ ቀጥታ ልጇ አልጋ አጠገብ ሄዳ፣ ስድቡን በምርቃት ለውጣ ነግራታለች። ሀሴት ያንን ይዛ ነው ያደገችው። ሰውየውን ባየች ቁጥር ሮጣ የምትስመው ለካ ለዚህ ነው።

ገብረክርስቶስ ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ እግርሽ ላይ ልውደቅ» አለ። ትከሻውን ይዛ አቀናችው።

«እርስዎ ምንም አላደረጉኝም ጋሼ። እኔ አልሰማሁማ» አለችው። ወደ እናቷ ዞረች። «አንካሳ ያልሽኝ አንቺ ነሽ ማሚ። ዛሬ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ኢን ፍሮንት ኦፍ ኤቭሪባዲ።»

ሀሴት ራሷ ሽማግሌዎቹን አስቀመጠች፣ ራሷ ውሃ አቀረበች፣ የእሺታውንም ቃል ራሷ ሰጠች። እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

እኔ ገብረክርስቶስን እስከ ዛሬ አልማርኩትም፤ ዘበኛዬ ብሎ ሲጮህ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ግን ይኸው ለሰርጉ ኬክ የሚያማርጠው እሱ ነው፤ ሀሴት ይዛው ትዞራለች። ሰርጉ ነሐሴ ላይ ነው። ቀኑን ለእናቷ የነገርኳት እኔ ነኝ።