ከፊርማው በላይ ያለው ባዶ ቦታ

ኮረሪማ በሸተተኝ ቁጥር ፊርማ ትዝ ይለኛል። ሌላው ሰው ወጥ ይሆናል ትዝ የሚለው፤ እኔ ፊት የሚደቀነው ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጫጫረ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ያዘነበለ የነጋዴ ፊርማ ነው።

ባለፈው ሰኞ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የሰባተኛ ክፍል ደብተር ሳርም፣ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አምጥቶ ሰጠኝ። "ከመርካቶ ነው የተላከልሽ" አለኝ። ገና ላስቲኩን ሳልፈታ ሽታው ቀደመኝ፤ ኮረሪማ፣ አዲስ ናይሎን ጨርቅ፣ ትንሽ ደግሞ የጎማ ሽታ። ዘረጋሁት። ከታች ሠላሳ ምናምን ፊርማ ተደርድሯል። ከላይ ምንም አልተጻፈበትም። ጥጉ ላይ ብቻ በእርሳስ፣ "ልጄ፣ ቡድናችን ዘንድሮም እንደ አዲስ ሊጀምር ነው አሉ። ከክለቡ የምንጠብቀውን አንቺ ጻፊልን፤ ታውቂበታለሽ" ይላል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ፊቴ ጋለ። አጠገቤ የነበረችው የሒሳብ መምህርት "ደኅና ነሽ?" አለችኝ። ደኅና ነኝ አልኳት። ለምን ደኅና እንዳልነበርኩ ለማስረዳት ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል። ማስረዳት ደግሞ ልማዴ ነው። ያጠፋሁትም በዚሁ ልማዴ ነው።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም ትሸጣለች። ከሱቋ ሁለት መታጠፊያ አልፎ፣ ሰባተኛ ወደሚባለው ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ሱቅ ነበራቸው። የቅርጫት ኳስ ቡድናችንን ማልያ የሚሰፉት እሳቸው ስለነበሩ በረንዳቸው የደጋፊ መሰብሰቢያ ሆኖ ቀረ። እሑድ ከሰዓት፣ ራጉኤል ያስቀደሱትም አንዋር የሰገዱትም እዚያች በረንዳ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። በሰፈራችን አብዛኛው ሰው የእግር ኳስ ወዳጅ ነው። ቅርጫት ኳስ የሚወደው ጥቂት ሰው ነበር፤ ጥቂት ስለሆነም ይመስለኛል አጥብቆ ነበር የሚወደው።

እኔ የደጋፊዎቹ ጸሐፊ ነበርኩ። የመረጡኝ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። የጨዋታ ፕሮግራሙን በማኒላ ወረቀት ላይ በትልልቁ እጽፋለሁ፤ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናቸው በላይ ይለጥፉታል። ለራሴ ደግሞ አንድ ደብተር ነበረኝ። ማን ስንት አገባ፣ ማን ኳስ አበላሸ፣ ማን ከቅርጫቱ የተመለሰውን ኳስ ቀድሞ ያዘ፣ ሁሉንም በቀይና በሰማያዊ ለይቼ እመዘግባለሁ።

ከዚያ ቀደም ባለው የውድድር ዘመን ከመውረድ የተረፍነው ለጥቂት ነበር። ነባሮቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ለቀቁ፤ ክለቡም ቡድኑን በወጣቶች እንደ አዲስ እገነባለሁ አለ። መስከረም ሲጠባ በረንዳው ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ ዋንጫ ይላል፣ ሌላው ባንወርድ ይበቃናል ይላል። የሌላ ቡድን ደጋፊ የሆነው ጎማ ነጋዴ ሊያናድደን ብሎ በየእሑዱ ይመጣል።

"እናንተ ያላችሁ ቡድን አይደለም፤ የምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ነው" አለ አንድ ቀን። "ገና ተቀጥቅጦ ሊሠራ ነው።"

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከአፋቸው አወጡ። "ምናለሽ ተራ የተሠራ ባልዲ ቤትህ የለም?"

"አለ።"

"አፍስሶብህ ያውቃል?"

"እስካሁን የለም።"

"እንግዲያው ዝም በል።"

በዋንጫው ባንስማማም በአንድ ነገር ሁላችንም እንስማማ ነበር፤ አምበሉ መቅረት የለበትም። ከነባሮቹ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ የእሱም ውል አልቋል። በጣም ረጅም ስለነበር በልብስ ሰፊው በር የሚገባው እንደ ተሳላሚ ጎንበስ ብሎ ነው። የጉልበት ቅባቱ ሽታ ከእሱ በፊት ይገባል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከኳስ ሌላ የሠራው ሥራ የለም። እኔን ደግሞ ጨዋታ ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው። "ኳሱን አትዪ" ይለኝ ነበር። "ዓይኑንም አትዪ። ወገቡን እዪ። ዓይን ይዋሻል፤ ወገብ አይዋሽም።" ያን ካስተማረኝ በኋላ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ ከመሄዱ በፊት ማወቅ ጀመርኩ።

የክለቡ ተወካይ አንድ እሑድ መጥቶ፣ ዓርብ ስብሰባ እንዳላቸውና የአምበሉም ነገር እንደሚወሰን ነገረን። "ገና አልቆረጥንም" አለ። "የደጋፊውን ሐሳብ በጽሑፍ ስጡን፤ እናየዋለን።" እጅ አወጣን። አንድም የተቃወመ የለም። ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞረው፣ "ሁለት መስመር ይበቃል። አንድ ዓመት ይጨመርለት በይ" አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ገበያ ፊርማ ከጽሑፍ ይቀድማል። ደንበኛ ፊቱ ቆሞ የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑን አስቀምጦ ማመልከቻ አያነብም። በቃል ከተስማማ ተስማማ ነው፤ በባዶው ወረቀት ግርጌ ይፈርማል፣ ጽሑፉ በኋላ ይሞላል። እኔም ሰኞና ማክሰኞ፣ አንዱ ቢበላሽ ትርፍ እንዲኖረኝ ሁለት ባዶ ወረቀት በክላሴር ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ሁሉንም ሁለቱም ላይ አስፈረምኩ። በርበሬ በነካው ጣት ፈረሙልኝ። የጨርቅ ሜትር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ፈረሙልኝ። "ላንብብልዎት ሲጻፍ?" ያልኳቸው አንዲት ቡና ነጋዴ፣ "ልጄ፣ ካላመንኩሽ መች እፈርም ነበር?" አሉኝ። አንድ ተሸካሚ ጆንያውን ከጀርባው ሳያወርድ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ተጫነልኝና፣ "ለአምበሉ ከሆነ አሥሩንም ጣት ውሰጂ" አለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ሱቅ ውስጥ፣ ኮረሪማ በተሞላ ጆንያ ላይ ክላሴሩን አስደግፌ መጻፍ ጀመርኩ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባች ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ክብ ሠርታ ነበር። ሁለቱን መስመር ጻፍኩ። አነበብኳቸው። ቀጠኑብኝ። ምክንያት የሌለው ጥያቄ መስለው ታዩኝ። ተወካዩ ሲያነብ "እነዚህ የመርካቶ ሰዎች ከማጨብጨብ ሌላ አያውቁም" የሚል መሰለኝ። ስለዚህ ደብተሬን አወጣሁና በሌላ ንጹሕ የተፈረመ ገጽ ላይ እንደ አዲስ ጀመርኩ። አንደኛ ብዬ የአምበሉን ውለታ ጻፍኩ። ሁለተኛ ብዬ ወጣት ቡድን ምን እንደሚፈልግ ጻፍኩ። ሦስተኛ ብዬ፣ ሚዛናዊ ለመሆን፣ ድክመቱን ጻፍኩ። በግራ በኩል ሲያልፉት ወገቡ ቀድሞ እንደማይዞር፣ ጉልበቱ እንደማይታዘዘው፣ ይህንንም በየጨዋታው መመዝገቤን። ዓረፍተ ነገሩ ሲያምርልኝ ሌላ ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኩ፤ "ስለሆነም ክለቡ ለወጣቶቹ ቅድሚያ ቢሰጥ እኛ ደጋፊዎች ቅር አይለንም።"

ሳላውቅ ነው የጻፍኩት ማለት አልችልም። እስክሪብቶዬን አንስቼ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቤያታለሁ። ልክ ናት ብዬ አምኜባታለሁ። ከሥሯ የተደረደረው ፊርማ ግን የእኔ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ አገኙኝ። "ጻፍሽው?"

"ጽፌዋለሁ ጋሼ።"

"ይቆይልን አልሽልን?"

"ሁሉንም አስረድቻለሁ" አልኩ።

"ተባረኪ" አሉኝ። አሜን አልኩ። አሁን ሳስበው ከደብዳቤው ይልቅ ያቺ አሜን ትብስብኛለች።

ተወካዩ ቢሮው በር ላይ ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ "ይህን ማን ጻፈው?" አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። "እንዲህ የሚያስብ ደጋፊ ካለንማ ቡድኑ ይገነባል" አለ። እስከ እናቴ ሱቅ ድረስ በሁለት እግሬ የሄድኩ አይመስለኝም፤ እንደዚያ ነበር ደስ ያለኝ።

ዓርብ አሰናበቱት። እሑድ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ገባና ማኒላው ወረቀት ሥር ተቀመጠ። ጎማ ነጋዴው እንኳ የዚያን ቀን ነገር አልፈለገም፤ ቦታ ለቀቀለት። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ "ጠይቀናቸው ነበር። ሠላሳ ሰው ፈርመን ጠየቅናቸው። ንቀውን ነው" አሉት። ድምፃቸው ተሰበረ።

አምበሉ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። የታጠፈ ወረቀት ጫፍ አየሁ። ለካ ሲያሰናብቱት "ደጋፊህም ተስማምቷል" ብለው ቅጂውን ሰጥተውታል። ወረቀቱን አላወጣውም። ቀና ብሎ ማኒላው ላይ ያለውን ጽሑፌን አየ። የእኔ "ቀ" እግሩን አርዝሞ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ እኔን አየኝ። ለረጅም ጊዜ አልነበረም።

"አውቃለሁ ጋሼ" አላቸው። "ጠይቃችሁልኛል። ወረቀቱንም አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምን አጎደልን?"

"ምንም። በደንብ ነው የተጻፈው። እግዜር ይስጥልኝ።"

ተሰነባብቶ ሲወጣ ከበረንዳው ጫፍ ጠራኝ። "ጸሐፊዋ፣ ነይ እስኪ። አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት ረዳት ይፈልጋል ብለውኛል። ማመልከቻ ጻፊልኝ።"

"እኔ?"

"ያንቺ ጽሑፍ ያሳምናል።"

ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "ያ ደብዳቤ..." ብዬ ጀመርኩ።

"በግራ በኩል ያልሽው ልክ ነው" አለኝ። "ወገብ እዪ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ፤ ጥሩ አይተሻል።" ከክላሴሬ ሁለት ነጭ ወረቀት ስቦ በረንዳው ግድግዳ ላይ አስደገፈና ሁለቱም ግርጌ ላይ ፈረመ።

"መጀመሪያ ልጻፈውና አንብበው" አልኩት።

"ሌሎቹ አንብበው ነው የፈረሙልሽ?"

ወረቀቶቹን ሰጠኝ።

"ሁለት ምን ያደርጋል?"

"ብትሳሳቺ ትርፍ ይኑርሽ" አለኝ።

አልተሳሳትኩም። አራት መስመር ብቻ ጻፍኩ፤ የሠራውን፣ የሚችለውን። በማግስቱ ልብስ ሰፊው ጋ ተውኩለት፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ወሰደው። ከከተማ ውጭ ሥራ አገኘ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ቡድናችንስ? እንደጻፍኩት ሆነ። ወጣቶቹ ሮጡ፣ መሀል ላይ ጨረስን፣ ሰፈሩ ጨፈረ። ስሌቴ ልክ ነበር። ሰው ሲሳሳት ብቻ የሚያፍር ይመስለኝ ነበር፤ ልክ ሆኖም እንደሚታፈር ያወቅኩት በዚያ የውድድር ዘመን ነው። ከደጋፊዎቹ ጸሐፊነትም ለፈተና ላጥና ብዬ ወጣሁ። ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ በመንገድ ባገኙኝ ቁጥር፣ "ያኔ ሰምተውን ቢሆን ኖሮ" ይሉኛል። እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንገቴን ነቀነቅኩ።

አሁን እንግዲህ ሌላ የተፈረመ ባዶ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። ለተማሪዎቼ "ሳታነቡ አትፈርሙ" እላለሁ፤ የምላቸው የራሴን ጥፋት መሆኑን አያውቁም። ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ጋ ገብቼ የዚያን ጊዜውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላም ጻፊ ካሉኝ፣ በየሱቁ ዞሬ እያንዳንዱ የሚለውን ራሱ እንዳለው እጽፋለሁ፤ ሚዛኑን እስኪያስቀምጥ ጠብቄም አነብለታለሁ። እናቴ ብነግራት "ምን ይጠቅማል አሁን?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ላይጠቅም ይችላል።

የአምበሉ ሁለተኛ ወረቀት ግን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከትምህርት ዕቅዴ ሥር አለ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ የኮረሪማው ሽታ ጠፍቶ የእንጨት ብቻ ቀርቶበታል። ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼ "ይቅርታ" ብዬ ልጽፍበት አስቤያለሁ። ግን ከግርጌው ያለው የእሱ ፊርማ ነው። ብጽፈው ይቅርታ ጠያቂው እሱ ይመስላል።