«ማን ደረሰላቸው?»

አያቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። የሬዲዮ ዜና ሁልጊዜ ቆመው ነበር የሚሰሙት። መንግሥታት አንድን ወረራ አወገዙ በተባለ ቁጥር ዱላቸውን ተደግፈው «ማውገዙንስ አወገዙ፤ ማን ደረሰላቸው?» ይሉ ነበር። ባለፈው ሳምንት እኔም ለምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ እንዲህ ያለ ዜና ጽፌ ላክሁ። አማኑኤል ከተማ ወዳለው ቤታችን ደውዬ ስጠይቅ ሁሉም ሰምተውታል፤ «ማን ደረሰላቸው?» ያለ ግን የለም።

አያቴ ለምን እንዲህ እንደሚሉ የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጣሊያን ድንበር በጣሰ ሰሞን፣ ከቅዳሴ በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣውን ጋዜጣ ለሕዝቡ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። መንግሥታት ጄኔቭ ተሰብስበው በጣሊያን ላይ እንደፈረዱ አነበቡ። ታላቅ ወንድማቸው ግን ከብቱንና ቤተሰቡን ይዘው ወደ ዓባይ በረሃ ሊወርዱ ተነሥተው ነበር።

«እስኪ አንተ ቀለም የቀመስክ፣ ልውረድ ወይስ ልረስ?» አሏቸው።

«ጋሼ፣ ዓለም ሁሉ ፈርዶበታል፤ ይደርሱልናል። በሬዎን ይጥመዱ።»

ወንድማቸው ቀሩ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ወታደሮች ከእርሻቸው ላይ ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። እንዴት እንደሞቱ ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር ነግረውኛል። አንዱንም ማረጋገጥ ስላልቻልሁ አልጽፈውም።

«ጋዜጣው ዋሽቶ ነው እንዴ?» አልኋቸው።

አያቴ መለሱልኝ።

«አልዋሸም፣ ልጄ። እንደሚደርሱልን ግን አልጻፈም፤ እሱን የጨመርሁት እኔ ነኝ።»