እመት አየሁሽን የገደለ ምስጋና

እመት አየሁሽ አፈር የሚያውቁ ሴት ነበሩ። በሽንፋ ቆላ መረሬው መሬት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ውሃ የማይደርስበትን ጉብታ ለይቶ ያልቆፈረ ሰው የቀበረውን ማሽላ በስብሶ ያገኘዋል። እሳቸው አንድ እፍኝ አፈር በመዳፋቸው አሽተው «እዚህ» ካሉ፣ እዚያ የገባ እህል አይነካም። ጉድጓዱ ውስጡ በእሳት ይደርቃል፣ ጭድ ይለብሳል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ ዱካ እንዳይታይ ፍየል ይነዳበታል።

ጣሊያን መተማን ከያዘ በኋላ ባንዳው ጎተራ እየፈተሸ ማቃጠል ስለ ጀመረ፣ የመንደሩ ጭቃ ሹም አዛናው ደንብ አወጣ። የመንደሩ የዘር ማሽላ በሙሉ በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ቦታውን የሚያውቅ አንድ ቤት ብቻ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ያወቀውን ጅራፍ ያወጣዋልና። እመት አየሁሽና ባላቸው ደምለው ተመረጡ። ቆፍረው ቀበሩት። ደምለው ብዙም ሳይቆዩ በንዳድ ሞቱ፤ የመንደሩ ዓመት በአንዲት አሮጊት ራስ ውስጥ ቀረ።

ምልክቱን ቀድማ ያየችው ልጃቸው ጸዳለ ናት። እናቷ ወጡ ላይ ጨው ጨምረው ደግመው ይጨምሩበታል። «ደምለው እራቱን ሳይበላ ወዴት ሄደ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከሰዓት በኋላ ይጠፉና ከፍየሎቹ በረት ጀርባ፣ ከግራሩ ሥር እግራቸውን ዘርግተው፣ አፈሩን እንደ ሕፃን ጀርባ መታ መታ ሲያደርጉ ይገኛሉ። ጸዳለ አባብላ ትመልሳቸዋለች። አያቷም፣ የእናቷ እናት፣ በስተርጅና የገዛ ልጃቸውን መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ እንዲሁ ሆነው ነበር የሞቱት። ይህን መንደሩ ያውቃል። አዛናውም ያውቃል፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

«አያ አዛናው፣ እማየ እየረሱ ነው» አለችው። «ቦታው ሳይጠፋቸው ለሌላ ሰው ያሳዩ።»

«ኧረ ወዲያ! ትናንት እኔው ፈተንኋቸው እኮ። ‹ማሽላው እንዴት ነው?› ብላቸው ‹የምን ማሽላ?› አሉኝ፤ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ!»

አብረውት የተቀመጡት ወንዶች ሳቁ። «ጉድ ናቸው!» አለ ጎረቤታቸው ውባንተ። «ጣሊያን ቢሰቅላቸውም አይተነፍሱ። አንቺ ግን ምስጢሩ እንዲደርስሽ ቋምጠሻል መሰል።»

ዛሬ ተመራማሪዎች አልዛይመር ብለው የሚጠሩትን በሽታ በዚያ መንደር በስም የሚያውቅ አልነበረም፤ በዚህ የሚከሰስ የለም። ክሱ ሌላ ነው። ዝምታን ከሁሉ በላይ ያከበሩ ሰዎች በሽታን ጀግንነት ብለው አሞገሱ፤ በነገረቻቸውም ሴት ሳቁባት።

ሰኔ 1932 ዳመናው ሲያንዣብብ አዛናው ሰው አስከትሎ መጣ። «እመት፣ ጊዜው ደርሷል። አሁን ይናገሩ።»

«የምን ማሽላ፣ ልጄ?»

የሳቀ አልነበረም።

«እኛው ነን እኮ! ባንዳ የለም።»

«ደምለውን ጠይቁት። እሱ ነው የቆፈረው» አሉ፤ ወዲያውም ሰውን ላለማሳፈር ብድግ ብለው መንገድ መሩ። የወሰዷቸው በሙሽርነታቸው ዘመን ይኖሩበት ወደ ነበረው ቤት ፍርስራሽ ነበር። ተቆፈረ። ጉድጓድ ተገኘ፤ ውስጡ አሮጌ ገለባና የእባብ ቆዳ ብቻ።

ውባንተ ገለባውን ረገጠው። «ለባንዳ ሸጠሽዋል!» አላቸው። ለእመት አየሁሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይሰጥ የነበረው አክብሮት በዚያች ቃል ከላያቸው ተገፈፈ።

በአዛናው ግቢ ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። ከሰዓት ሲሆን ተነሥተው ሄዱ። መለሷቸው። እንደገና ተነሡ። «ልታመልጥ ነው» ተባለና በጠፍር ታሰሩ። ጸዳለ ውሃ ብታመጣ አዛናው ቅሉን ተቀበላት። «ስትናገር ትጠጣለች።»

«ፍየሎቹ ጋ ልሂድ» አሉ እናቷ በደረቀ ከንፈር። «ጭቃው ሳይደርቅ፣ ፍየሎቹን ልንዳበት።»

«የምን ፍየል ነው ደግሞ!» አለ አዛናው።

ጸዳለ ግን ገባት። ወደ ቤት ሮጣ የእናቷን ዶማ አነሣች። ግራሩ ሥር፣ የእናቷ መዳፍ ባለሰለሰው ቦታ ቆፈረች፤ ዶማው የደረቀ ጭቃ፣ ቀጥሎም ድንጋይ መታ። ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ማሽላው ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር፤ አንዲት ፍሬ አልነቀዘችም። በሁለት እጇ ዘግና ስትመለስ የእናቷ ራስ በደረታቸው ላይ ወድቆ ነበር። ጠፍሩ አልተፈታም።

መንደሩ ዘራ። አዝመራውም ያማረ ሆነ። በዘገየው ተዝካር፣ ከዚያው ማሽላ የተጠመቀው ጠላ በዞረበት፣ አዛናው ተነሥቶ ተናገረ። «ምስጢራቸውን ለእኛ ለልጆቻቸው እንኳ ሳይሰጡ አለፉ። እንዲህ ያሉ እናት ከእንግዲህ ከየት ይገኛሉ?» ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶች አለቀሱ። «እመት» የሚለው ማዕረግም ተመልሶላቸው ነበር።

«ምስጢር አልያዙም» አለች ጸዳለ። «ታመው ነበር። ነግሬህ ነበር።»

ሹሙን «ነግሬህ» ብላ አንተ ስትለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «ሐዘን ነው የሚያናግራት» አለ ውባንተ ቀስ ብሎ፤ ጠላው እንደገና ዞረ።

ጣሊያን ገና አልወጣም ነበርና የመጪው ዓመት ዘር መቀበር ነበረበት። አዛናው በዚያው ቀን፣ በሰው ፊት፣ ያንኑ የእናቷን ዶማ አንሥቶ ለጸዳለ ዘረጋላት። ሊያከብራት ነበር።

«ጉድጓዱን አንቺ ትይዣለሽ። የእናትሽ ደም በደም ሥርሽ አለ።»

«አለ» አለች። «የአያቴም አለ።»

ዶማውን አልተቀበለችም።